ሳይቃጠል በቅጠል፦ የናፍጣ ፒካፕን ዘይትና ፊልትሮ በራስ እጅ መቀየር

ደብረ ማርቆስ፦ በጎጃም ደጋማ ወረዳዎች ፒካፕ መኪና የቅንጦት ዕቃ አይደለም። የቢቸናና የሉማሜ ጤፍ፣ የጮቄ ግርጌ ድንች፣ የደምበጫ በቆሎ ወደ ገበያ ከሚደርስባቸው ተሽከርካሪዎች አንዱ ነው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ወደ ቀበሌ ያወርዳል፤ ምጥ የያዛትን እናት በሌሊት ወደ ጤና ጣቢያ ያደርሳል። በመሆኑም የአንድ ፒካፕ ሞተር ሲቆም የሚጎዳው ባለንብረቱ ብቻ አይደለም። ምርቱን የሚያስጭነው አርሶ አደርም፣ ዕቃውን የሚጠብቀው ነጋዴም አብሮ ይቆማል።

የሞተር ዕድሜን ከሚወስኑት ነገሮች ሁሉ ቀላሉና ርካሹ ዘይቱንና ፊልትሮዎቹን በጊዜ መቀየር ነው። ይህ ሥራ በብዙዎች ዘንድ የጋራዥ ብቻ ተደርጎ ስለሚታይ ግን ይዘገያል። መኪናው ከከተማ ርቆ ይውላል፣ የመኸር ወቅት ይደርሳል፣ መንገድ ይዘጋል ወይም ገንዘብ ያጥራል፤ በዚህ መካከል ቅያሪው በሺህ ኪሎ ሜትሮች ያልፋል።

የመዘግየቱ ዋጋ ደግሞ ከቀድሞው ከብዷል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብር የመግዛት አቅም በእጅጉ ቀንሷል፤ የሞተር መለዋወጫ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መከልከሉ ሲታከልበት፣ በእጅ ያለውን ተሽከርካሪ ጠብቆ ማቆየት ከምንጊዜውም በላይ አስፈላጊ ሆኗል። ይህ ጽሑፍ አንድ ባለንብረት የናፍጣ ፒካፑን ዘይትና ፊልትሮ በግቢው ውስጥ እንዴት በጥንቃቄ መቀየር እንደሚችል ያብራራል።

ዘይቱ በሞተር ውስጥ ምን ይሠራል?

ብዙ ሰው የሞተር ዘይት ብረትን ከብረት ሰበቃ ለመጠበቅ ብቻ የሚያገለግል ይመስለዋል። ይህ ዋናው ተግባሩ ቢሆንም ብቸኛው አይደለም። ዘይቱ የራዲያተር ውኃ የማይደርስባቸውን የሞተር ክፍሎች ሙቀት ተሸክሞ ይወጣል። በፒስተኑና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተት ይሸፍናል፤ ብረቱ እንዳይዝግም ይከላከላል። ከሁሉም በላይ ቆሻሻን ያጥባል።

የናፍጣ ሞተር ሲሠራ ጥላሸት ያመነጫል። ከጥላሸቱ ጥቂቱ በፒስተን ቀለበቶች አልፎ ወደ ዘይቱ ይገባል። ዘይቱ ውስጥ የተቀላቀሉት ኬሚካሎች ጥላሸቱ እንዳይጓጉልና እንዳይጋገር በትነው ይይዙታል። በናፍጣው ውስጥ ያለው ድኝ ሲቃጠል የሚፈጠረውን አሲድም ያመክናሉ። ስለዚህ የናፍጣ ሞተር ዘይት ገና በተቀየረ በጥቂት ቀን ውስጥ ቢጠቁር የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ይልቁንም ሥራውን እየሠራ ለመሆኑ ምልክት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ኬሚካሎቹ ሲያልቁ ነው። ያን ጊዜ ዘይቱ ቆሻሻ የመሸከም አቅሙን ያጣል፤ ጥላሸቱ ይጓጉላል፣ አሲዱ ብረት ይበላል፣ ቀጫጭን የዘይት መተላለፊያዎች ይደፈናሉ። አሽከርካሪው ግን ከውጭ ሆኖ ይህን ሁሉ አያይም። ሞተሩ እንደወትሮው ይነሳል፣ እንደወትሮው ይሄዳል፤ አንድ ቀን ዳገት ላይ እስኪቆም ድረስ።

የደጋው አየርና የዓባይ በረሃ

የጎጃም መልክዓ ምድር በሞተር ላይ የራሱን ጫና ያሳድራል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ሞተሩ በአንድ ስበት የሚያገኘው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በተለይ ተርቦ የሌላቸው የቀድሞ ሞተሮች ዳገት ላይ ነዳጅ እየጨመሩ በቂ አየር ስለማያገኙ ጥቁር ጭስ ያወጣሉ። የጭሱ ተረፈ ጥላሸት ዘይቱን ቶሎ ያደክመዋል።

ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ፒካፕ ደግሞ ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1 ሺህ 300 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዚያም ያንኑ ያህል ወደ ጎሃ ጽዮን ይወጣል። ጭነት የያዘ መኪና ይህን ዳገት በከባድ ማርሽ፣ በበረሃው ሙቀት፣ ያለ ዕረፍት ይገፋዋል። ዘይቱ ከሁሉ ጊዜ በላይ የሚግለው በዚህ ሰዓት ነው። ያረጀ ወይም መጠኑ የጎደለ ዘይት ጉድለቱ የሚገለጠውም በዚሁ መንገድ ላይ ነው።

በበጋ ወራት በጠጠርና በአፈር መንገዶች ላይ የሚነሳው አቧራ፣ በመውቂያ ወቅት በየአውድማው የሚበነው ገለባ፣ በክረምት ደግሞ ጭቃው ሌሎች ጫናዎች ናቸው። በከተማ ውስጥ ብቻ የሚሽከረከር መኪናም ቢሆን ከችግሩ ነፃ አይደለም። ሞተሩ በወጉ ሳይሞቅ የሚጠፋባቸው አጫጭር ጉዞዎች በዘይቱ ውስጥ እርጥበት እንዲጠራቀም ያደርጋሉ።

መቼ ይቀየር?

ትክክለኛው መልስ የሚገኘው በመኪናው የአምራች መመሪያ ውስጥ ነው። ይሁን እንጂ አምራቾች በመመሪያቸው ሁለት ዓይነት አገልግሎት ለይተው ያስቀምጣሉ፦ መደበኛና ከባድ። አቧራማ መንገድ፣ ከባድ ጭነት፣ ረጅም ዳገትና አጭር ጉዞ በከባዱ ምድብ ውስጥ ይካተታሉ። በጎጃም ደጋ የሚሠራ ፒካፕ ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱን በየዕለቱ ያገኛቸዋል።

በመሆኑም መመሪያው ለመደበኛ አገልግሎት 10 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢል፣ በዚህ አካባቢ በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ወይም በየ6 ወሩ፣ ከሁለቱ አስቀድሞ በደረሰው መቀየር የተሻለ ነው። የዘይት ፊልትሮውም ከዘይቱ ጋር አብሮ ይቀየራል። አሮጌ ፊልትሮ ላይ አዲስ ዘይት መሙላት የታጠበ ልብስን ባደፈ ጆንያ እንደ መቋጠር ነው።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪው የማይሠራ መኪና ያለው ሰው በቀን መቁጠሪያ ሊመራ ይችላል። ለምሳሌ አንዱን ቅያሪ ከመኸር ጭነት በፊት በኅዳር፣ ሌላውን ክረምት ሳይገባ በግንቦት ማድረግ ለማስታወስ ይቀላል። በሥራ የሚበዛ መኪና ግን በዚህ መካከል ተጨማሪ ቅያሪ ያስፈልገዋል።

ትክክለኛውን ዘይት መምረጥ

በዘይት ዕቃ ላይ የሚጻፉት ቁጥሮችና ፊደላት ሁለት ነገር ይናገራሉ። የመጀመሪያው ውፍረቱ ነው። ለምሳሌ «15ደብሊው-40» የሚለው ምልክት ሲታይ፣ ፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚፈስ፣ ኋለኛው ደግሞ ሞተሩ ሲግል ምን ያህል ውፍረቱን እንደሚጠብቅ ያመለክታል። ፊተኛው ቁጥር ባነሰ መጠን ዘይቱ በማለዳ ብርድ ቶሎ ይሰራጫል። የደብረ ማርቆስ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ለ15ደብሊው-40 የሚያስቸግር አይደለም። ይህ ዘይት ለብዙዎቹ ነባር የናፍጣ ፒካፖች የተለመደ ምርጫ ነው። አዳዲስ ሞተሮች ግን ቀጠን ያለ ዘይት ሊጠይቁ ስለሚችሉ መመሪያውን ማየት ይገባል።

ሁለተኛው ምልክት የዘይቱ ደረጃ ነው። በአሜሪካ የነዳጅ ተቋም ምደባ ለናፍጣ ሞተር የተሠሩ ዘይቶች በ«ሲ» ፊደል፣ ለቤንዚን ሞተር የተሠሩት ደግሞ በ«ኤስ» ፊደል ይጀምራሉ። «ሲኤፍ-4»፣ «ሲኤች-4» እና «ሲአይ-4» የሚሉት የናፍጣ ደረጃዎች ናቸው፤ በቅደም ተከተል እያደጉ የመጡ በመሆናቸው ኋለኛው ከፊተኛው የተሻለ ጥላሸት የመሸከም አቅም አለው። ለቤንዚን መኪና ብቻ የተሠራ ዘይት በናፍጣ ሞተር ውስጥ መጨመር የለበትም። የካምቢዮ ዘይትም የሞተር ዘይትን አይተካም።

ሌላው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ጉዳይ የተጭበረበረ ዘይት ነው። ማሸጊያው የተነካካ፣ ጽሑፉ የደበዘዘ፣ ወይም ከበርሜል ወደ ጀሪካን ተገልብጦ የሚሸጥ ዘይት ምን እንደሆነ ማረጋገጥ አይቻልም። ከታወቀ ሻጭ መግዛት፣ ደረሰኝ መቀበል፣ ባዶውን ዕቃ ደግሞ ዳግም እንዳይሞላበት ክዳኑን ቀዶ ወይም ሸንቁሮ መጣል ራስንም ሌላውንም ይጠብቃል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው። እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ5 እስከ 8 ሊትር የሚደርስ ዘይት፣ ለሞተሩ የሚስማማ አዲስ የዘይት ፊልትሮ፣ ለማፍሰሻው ብሎን አዲስ ቀለበት፣ ልክ የሆነ ቁልፍ (በብዙ የቶዮታ ሞተሮች 14 ቁጥር)፣ የፊልትሮ መፍቻ፣ ቢያንስ 10 ሊትር የሚይዝ ሳፋ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ንጹሕ ጨርቅና ጓንት ይበቃሉ።

መኪናው ሜዳ ቦታ ላይ ይቆማል። የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ታኮ ይደረጋል። ፒካፕ ከመሬት ከፍ ያለ በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ክሪክ ሳያስፈልግ ከሥሩ መግባት ይቻላል። ማንሳት ግድ ከሆነም በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር ፈጽሞ አይገባም። ክሪክ ይንሸራተታል፤ መኪናው የሚያርፍበት ጠንካራ የብረት መቆሚያ ሊኖር ይገባል። ድንጋይ መደርደርም አስተማማኝ አይደለም።

ሞተሩ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይሞቅና ይጠፋል፤ ቁልፉ ከመኪናው ይወጣል። ለብ ያለ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ በቀላሉ ይፈስሳል። ከረጅም ጉዞ እንደተመለሱ ወዲያው መፍታት ግን አደገኛ ነው፤ የጋለ ዘይት ከባድ ቃጠሎ ያደርሳል። ልጆችንና የቤት እንስሳትን ከአካባቢው ማራቅም አይዘነጋም።

አሮጌውን ማፍሰስ፣ የሚናገረውንም ማድመጥ

በመጀመሪያ ከላይ ያለው የዘይት መሙያ ክዳን ይላላል። ከዚያም በሞተሩ ሥር ባለው የዘይት መያዣ ላይ ያለው የማፍሰሻ ብሎን በቁልፍ ይላላል፤ ቀሪው በእጅ ይፈታል። ዘይቱ መጀመሪያ በኃይል ራቅ ብሎ ስለሚወረወር ሳፋው ይህን ታሳቢ አድርጎ ይቀመጣል። ቢያንስ ለ15 ደቂቃ እየተንጠባጠበ እንዲወጣ መተው ይገባል።

ባለንብረቱ በራሱ እጅ መሥራቱ ከገንዘብ ቁጠባ ያለፈ ጥቅም የሚያስገኘው እዚህ ላይ ነው። የተፈሰሰው ዘይት ሞተሩ ስላለበት ሁኔታ ብዙ ይናገራል።

ጥቁርና ልስልስ ዘይት የተለመደ ነው። እንደ ወተት የነጣ ወይም እንደ ቡና በወተት የመሰለ ዘይት ከታየ ግን ውኃ ገብቶበታል። ምናልባት በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ ተቃጥሎ የራዲያተር ውኃ ወደ ዘይቱ እየገባ ይሆናል። ዘይቱ ቀጥኖ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ፣ ወይም በመለኪያው ዘንግ ላይ ሳይጨመርበት ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ ኢንጀክተር ወይም የናፍጣ ፓምፕ እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። በፀሐይ ብርሃን ሲታይ የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ካለ ደግሞ በውስጥ የሚሽከረከሩ ክፍሎች እየተበሉ ነው። እነዚህ ሦስቱ ምልክቶች ከታዩ አዲስ ዘይት ሞልቶ ሥራ መቀጠል ሳይሆን መኪናውን ወደ ባለሙያ ማድረስ ይገባል። በዚህ ደረጃ የተያዘ ችግር በትንሽ ወጪ ሊፈታ ይችላል፤ ከዘገየ ግን ሞተር እስከ ማውረድ ይደርሳል።

ዘይቱ ካለቀ በኋላ ብሎኑና መቀመጫው ይጠረጋሉ፤ አዲሱ ቀለበት ይገባል። ብሎኑ በመጀመሪያ ያለ ቁልፍ በእጅ ይታሰራል፤ እምቢ ካለ በኃይል አይገፋም፤ ጥርሱን ስቷል ማለት ነው። በመጨረሻም በቁልፍ በመጠኑ ይጠብቃል። ጉልበት ማብዛት እዚህ ላይ ጉዳት ነው። የተበላ ጥርስ ማስጠገን ከቅያሪው ሁሉ በላይ ያስወጣል።

ፊልትሮውን መተካትና አዲሱን ዘይት መሙላት

አሮጌው የዘይት ፊልትሮ ሰዓት ከሚዞርበት አቅጣጫ በተቃራኒ ይፈታል። በውስጡም ዘይት ስለሚኖር ሳፋው ከሥሩ መሆን አለበት። ፊልትሮው ሲወጣ የጎማ ቀለበቱ አብሮ መውጣቱ በዓይን ይረጋገጣል። አሮጌው ቀለበት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ከታሰረ ዘይቱ በግፊት ወጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ብዙ ሞተሮች ከቅያሪ ማግሥት የሚበላሹት በዚህ ቀላል ስሕተት ነው።

የአዲሱ ፊልትሮ የጎማ ቀለበት ንጹሕ ዘይት ይቀባል። ፊልትሮው በእጅ ይታሰራል፤ ቀለበቱ ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር ያህል ይጨመርበታል። በቁልፍ ማጥበቅ አያስፈልግም። በአንዳንድ አዳዲስ ሞተሮች ላይ የሚቀየረው በክዳን ውስጥ ያለው ወረቀቱ ብቻ በመሆኑ አሠራሩ ከመመሪያው ይታያል።

ቀጥሎ አዲሱ ዘይት በማንቆርቆሪያ ይሞላል። መመሪያው ከሚለው መጠን ግማሽ ሊትር ያህል ቀንሶ ማቆምና መለካት ይመረጣል፤ ያነሰውን መጨመር ይቀላል፣ የበዛውን መቀነስ ግን ያስቸግራል። መጠኑ የበዛ ዘይት አረፋ ይሠራል፤ ማሸጊያዎችንም ይገፋል።

ሞተሩ ሲነሳ በዳሽቦርዱ ላይ የዘይት ጣሳ ምስል ያለው ቀይ መብራት በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ ነዳጅ መርገጥ አይገባም፤ በተለይ ተርቦ ያለው ሞተር ዘይት ሳይደርሰው በኃይል ከዞረ ይጎዳል። ከሁለት ሦስት ደቂቃ በኋላ ብሎኑና ፊልትሮው እንደማያፈስሱ ከሥር ይታያል። ሞተሩ ጠፍቶ 5 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ዘይቱ ይለካል፤ በመለኪያው ዘንግ ላይ በሁለቱ ምልክቶች መካከል፣ ወደ ላይኛው ተጠግቶ መገኘት አለበት። በመጨረሻም ቀኑና ኪሎ ሜትሩ በወረቀት ተጽፎ በመኪናው ውስጥ ይቀመጣል።

የናፍጣ ፊልትሮ፦ የውኃ ዘብ

ነዳጅ በጠፋ ጊዜ ናፍጣ ከጀሪካን ወደ መኪና መገልበጥ የተለመደ ሆኗል። ጀሪካኑ ዝናብ ያገኘው፣ ውኃ የተቀዳበት ወይም ሌላ ነዳጅ የያዘ ሊሆን ይችላል። ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከሥር ይዘቅጣል። አዳዲስ ፒካፖች ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩት ከ1 ሺህ ባር በላይ በሆነ ግፊት፣ እጅግ በቀጠኑ ክፍተቶች ነው። እነዚህን ክፍሎች የሚያለሰልሳቸው ራሱ ናፍጣው ነው። ውኃ ወይም ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ ግን አያለሰልስም፤ ኢንጀክተሩንና ፓምፑን ይበላል።

አጠራጣሪ ናፍጣ የገዛ ሰው ጥቂቱን በሚያሳይ ጠርሙስ ቀድቶ ቢያሳድረው ውኃው ከሥር ተለይቶ ይታየዋል። ላምባ ግን በዚህ መንገድ አይለይም። በብዙ ፒካፖች የናፍጣ ፊልትሮ ሥር የተጠራቀመውን ውኃ ማውጫ ትንሽ ብሎን አለች። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ከሥር ዕቃ ተደርጎ፣ ንጹሕ ናፍጣ መውጣት እስኪጀምር ድረስ ትላላለች፤ ከዚያም መልሳ ትጠብቃለች። የፊልትሮው መብራት ሲበራ ይህን ማድረግ ለነገ የሚባል አይደለም።

ፊልትሮው ራሱ ሲቀየር ወደ ውስጥ የገባው አየር መውጣት አለበት። ከፊልትሮው በላይ ያለው የእጅ ፓምፕ ጠንከር እስኪል ድረስ ደጋግሞ ይጫናል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ይነሳል። በአዳዲሶቹ ሞተሮች ላይ አዲሱን ፊልትሮ ባልተጣራ ናፍጣ ሞልቶ ማሰር አይመከርም፤ ቆሻሻው በቀጥታ ወደ ፓምፑ ይገባልና።

የአየር ፊልትሮ፦ የአቧራ በር

የአየር ፊልትሮ ለመቀየር ከሁሉም ይቀላል። የቤቱ መያዣዎች ይከፈታሉ፣ ወረቀቱ ይወጣል። ወደ ፀሐይ ተይዞ ብርሃን ካላሳለፈ፣ ከተቀደደ ወይም ዘይት ከነካው ይቀየራል። በመጠኑ የቆሸሸ ከሆነ መታ መታ ተደርጎ ወይም ከውስጥ ወደ ውጭ በዝቅተኛ ግፊት ተነፍቶ ሊጸዳ ይችላል። በውኃ ወይም በቤንዚን ማጠብ ወረቀቱን ያበላሻል።

ይበልጥ መታየት ያለበት ግን ከፊልትሮው በኋላ ያለው ክፍል ነው። ጣት ሲደረግበት አቧራ ከተገኘ ፊልትሮው አልገጠመም ወይም የጎማ ቱቦው ተሰንጥቋል ማለት ነው። በዚያ ቀዳዳ የሚገባው ጥቃቅን አሸዋ ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይፍቃል። በአውድማ ወቅት ፊልትሮውን በየሳምንቱ ማየት ተገቢ ነው።

ያገለገለው ዘይት ወዴት ይሂድ?

ሥራው ሲያልቅ ሳፋው ውስጥ የሚቀረው ጥቁር ዘይት የባለንብረቱ ኃላፊነት ነው። ጮቄ ወደ ዓባይ የሚገቡ ብዙ ወንዞች መነሻ ነው፤ ጨሞጋም ከዚያው ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ አጠገብ ያልፋል። በግቢ ጥግ ወይም በቦይ የተደፋ ዘይት በመጀመሪያው የክረምት ጎርፍ ከብት ወደሚጠጣበት፣ ልብስ ወደሚታጠብበትና መስኖ ወደሚጠለፍበት ውኃ ይወርዳል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደሚያስጠነቅቀው ከአንድ የመኪና ቅያሪ የሚወጣ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን፣ ማለትም 3 ነጥብ 8 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ንጹሕ ውኃ ሊበክል ይችላል።

ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የባዝል ዓለም አቀፍ ስምምነት ያገለገለ የማዕድን ዘይትን ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ቆሻሻዎች ጋር ይመድበዋል። በአገር ውስጥም የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝን የሚገዛ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ወጥቷል።

በገጠር ያገለገለን ዘይት የአጥር እንጨት ከምስጥ ለመጠበቅ መቀባት፣ አልፎ አልፎም የከብትና የአህያ ቁስል ወይም እከክ ላይ ማፍሰስ የቆየ ልማድ ነው። ዘይቱ ግን ከሞተሩ የወሰዳቸውን የብረት ብናኞችና በቃጠሎ የተፈጠሩ መርዛማ ውሁዶች ይዟል። በተደጋጋሚ ቆዳን ሲነካ በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ የቆዳ ካንሰር ማስከተሉ ተረጋግጧል። በመሆኑም ለእንስሳት ቁስል መድኃኒት አይደለም፤ እከክ የያዘው እንስሳ ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ ይወሰዳል። ቀለም የተቀባ የሚመስለው እንጨትም በጉድጓድ ውኃና በጓሮ አትክልት አጠገብ መተከል የለበትም።

የተሻለው መንገድ ዘይቱን ክዳን ባለው ዕቃ አጠራቅሞ፣ ውኃና ሌላ ነገር ሳይቀላቀልበት፣ ያገለገለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ማስረከብ ነው። አሮጌው ፊልትሮም ተገልብጦ አንድ ቀን ከተንጠባጠበ በኋላ አብሮ ይሰጣል። ዕቃው ላይ «ያገለገለ ዘይት» ብሎ መጻፍ ከምግብ ዘይት ጋር እንዳይምታታ ያደርጋል። መሬት ላይ የፈሰሰ ካለ አመድ ወይም ደረቅ አፈር ይነሰነስበትና ተጠርጎ ለብቻው ይቀመጣል። ሥራውን የጨረሰ ሰውም እጁን በሳሙና በሚገባ ሳይታጠብ ምግብ መንካት የለበትም።

ለባለሙያ የሚተው ሥራ

ዘይትና ፊልትሮ መቀየር መካኒክን የሚተካ ሥራ አይደለም። የአምራች ዋስትናው ያላለቀ መኪና በተፈቀደለት ጋራዥ ካልታየ ዋስትናውን ሊያጣ ይችላል። የዘይት መብራት በጉዞ ላይ ከበራ፣ ከሞተሩ ያልተለመደ ምት ከተሰማ፣ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ወይም ዘይቱ በቅያሪዎች መካከል ደጋግሞ ከጎደለ መንስኤውን የሚለየው ባለሙያ ነው። የመጀመሪያውን ቅያሪ ልምድ ካለው ሰው ጋር ሆኖ መሥራትም ብልህነት ነው።

በራሱ እጅ የሚቀይር ባለንብረት ግን ወደ ጋራዥ ሲሄድ ባዶ እጁን አይሄድም። ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ፣ ምን ዓይነት ዘይት እንደተሞላ፣ ምን ምልክት እንደታየ ጽፎ ይዞ ይሄዳል። መካኒኩም ከግምት ይልቅ ከማስረጃ ይነሳል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ አበው፣ የሞተር ጥበቃ በትንሹ የሚጀመር ነው። በ6 ወር አንድ ግማሽ ቀን፣ ጥቂት ሊትር ትክክለኛ ዘይት፣ አንድ ፊልትሮና የተዘጋ ጀሪካን ጭነት የያዘን ፒካፕ የዓባይን ዳገት በሰላም ሊያወጡት ይችላሉ፤ የጨሞጋን ውኃም ንጹሕ አድርገው ያቆዩታል።